ባሪ ሃሪስ፤ ፒያኖ መቺውና መምህሩ

በተማሪዎች መካከል ስለ ሙዚቃ በተነሣ ቁጥር ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን «ሙዚቃ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት ስጦታ ነው፤ ያልተሰጠው ሰው ዕድሜ ልኩን ቢማር አይሆንለትም» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ መምህሩን ዝቅ አድርጎ «መድረኩ ያልተመቸው ሰው ነው ወደ ማስተማር የሚዞረው» ይላል። ሁለቱም አነጋገሮች በብዙ ሰው አፍ የሚዘወተሩ ስለሆኑ እውነት ይመስላሉ። እኔ ግን አንድ ሰው አውቃለሁ፤ በእሱ ሕይወት ላይ ሲፈተኑ ሁለቱም አይጸኑም። ይኸውም አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ መቺ ባሪ ሃሪስ ነው። ይህ ሰው ወደ ሰባ ዓመት ያህል ከታላላቆቹ ጋር ተጫወተ፤ ያንኑ ያህል ዘመንም አስተማረ። ሁለቱንም እንደ አንድ ሥራ እንጂ እንደ ሁለት ሥራ አልቈጠራቸውም።

ከታሪኩ ይልቅ ትምህርቱ ስለሚበልጥብኝ በዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙውን ቦታ የምሰጠው ለትምህርቱ ነው። ሆኖም ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ አይገባምና ከሕይወቱ እጀምራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ባሪ ሃሪስ በታኅሣሥ ወር 1929 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ዲትሮይት የአውቶሞቢል ፋብሪካዎች ከተማ ናት። ከደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል የተነሡ ብዙ ጥቁር ቤተ ሰቦች የፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ወደዚያች ከተማ ተሰደው ነበር፤ ይዘውት የመጡት ሀብትም አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መዝሙራቸውና ብሉዝ የሚባለው ዘፈናቸው ነበር። የባሪ እናት በቤተ ክርስቲያን ፒያኖ የምትመታ ሴት ነበረች። ልጅዋንም በአራት ዓመቱ ከፒያኖው ፊት አስቀምጣ ማስተማር ጀመረች። ካደገ በኋላ አንድ ቀን «የቤተ ክርስቲያኑን ሙዚቃ ነው የምትፈልገው ወይስ ጃዙን?» ብላ ጠየቀችው፤ ጃዙን መምረጡን ሲነግራት አልተቈጣችም። ይህን ነገር ሃሪስ ካረጀ በኋላም በምስጋና ያነሣው ነበር። በዚያ ዘመን ጃዝ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ተብሎ ይነቀፍ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው የዚህች እናት ዝምታ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጁ በሚያድግበት ጊዜ ጃዝ ራሱ በመለወጥ ላይ ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በኒውዮርክ ከተማ ቻርሊ ፓርከር በሳክስፎን፣ ዲዚ ጊሌስፒ በትራምፔት፣ ቴሎኒየስ መንክና ባድ ፓወል በፒያኖ አዲስ አጨዋወት አመጡ። ይህም ቢቦፕ ተባለ። ከዚያ በፊት ጃዝ በአብዛኛው የመደነሻ ሙዚቃ ነበር፤ ቢቦፕ ግን ከመፍጠኑና ከድምፆቹ መወሳሰብ የተነሣ ተቀምጠው በጸጥታ የሚሰሙት ሆነ። ወጣቱ ሃሪስ ይህን ሁሉ ያገኘው በሸክላ ነው። የባድ ፓወልን ሸክላ ደጋግሞ እያስቀመጠ፣ በጆሮው እየለቀመ፣ በጣቱ እየሞከረ ተማረው። በዚያን ጊዜ ቢቦፕን የሚያስተምር ትምህርት ቤትም መጽሐፍም አልነበረም። ሊማር የወደደ ሰው ወይ ከሸክላ ይሰርቃል፣ ወይ ከሚያውቅ ሰው ቤት ይሄዳል።

የሚያውቀው ሰው ቤት ደግሞ ብዙ ሳይቈይ የሃሪስ የራሱ ቤት ሆነ። ገና ወጣት ሳለ የዲትሮይት ልጆች ሳክስፎናቸውንና ትራምፔታቸውን ይዘው ወደ እሱ ይመጡ ጀመር። እሱም ያገኘውን ሁሉ ሳይደብቅ አካፈላቸው። ከእነዚህ መካከል በኋላ ስማቸው የገነነው ሳክስፎን ተጫዋቾች ቻርልስ ማክፈርሰንና ጆ ሄንደርሰን፣ እንዲሁም ትራምፔት ነፊው ሎኒ ሂልየር ይገኛሉ። ማክፈርሰን ደጋግሞ የሚናገረው አንድ ታሪክ አለ። በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሃሪስ የሪፖርት ካርዱን ተቀብሎ ተመለከተ፤ ውጤቱ ሁሉ መካከለኛ ነበር። ሃሪስም እንዲህ መካከለኛ ሆኖ ይህን ሙዚቃ መጫወት እንደማይቻል፣ የሚያደንቀው ቻርሊ ፓርከር በምንም መለኪያ መካከለኛ ሰው እንዳልነበረ ነገረው። ልጁ ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፍ ማንበብ ጀመረ፤ ውጤቱም ተለወጠ። የሙዚቃ መምህር የሒሳብና የታሪክ ማርክ ምን አገባው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለሃሪስ ግን ጃዝ የጣት ሥራ ሳይሆን የማሰብ ሥራ ነበርና ማርኩ ያገባው ነበር።

ሃሪስ በዲትሮይት ብሉ በርድ ኢን በሚባለው ቤት በመደበኛነት ፒያኖ ይመታ ስለ ነበር ወደ ከተማይቱ የሚመጡት ታላላቅ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ አጃቢያቸው እሱን ያደርጉ ነበር፤ ከእነዚህም አንዱ ማይልስ ዴቪስ ነው። በ1956 ከበሮ መቺው ማክስ ሮች የባንዱን ትራምፔት ነፊና ፒያኖ መቺ፣ ክሊፎርድ ብራውንንና ሪቺ ፓወልን፣ በመኪና አደጋ ባጣ ጊዜ ሃሪስ ለጥቂት ጊዜ ከሱ ጋር ዞረ። ሪቺ የዚያው የባድ ፓወል ታናሽ ወንድም ነበር። በ1960 ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከካነንቦል አደርሊ ባንድ ጋር ዲትሮይትን ለቆ ወጣና ኑሮውን በኒውዮርክ አደረገ። በዚያው ዓመት በሳን ፍራንሲስኮ የተቀዳው «አት ዘ ጃዝ ዎርክሾፕ» የተባለው ሸክላው እስከ ዛሬ ድረስ ፒያኖ ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው።

በ1963 መጨረሻ ከትራምፔት ነፊው ከሊ ሞርጋን ጋር «ዘ ሳይድዋይንደር» የተባለውን ሸክላ ቀዳ፤ ይህም በሚቀጥለው ዓመት ወጥቶ በገበያ ላይ እጅግ ተወደደ። በዚያ ሸክላ ላይ ሳክስፎን የተጫወተው ከላይ ስሙን ያነሣሁት ጆ ሄንደርሰን ስለሆነ መምህርና ተማሪ ጎን ለጎን ይሰማሉ። የሚገርመው ግን ሕዝብ ሁሉ የሰማው ይህ የሃሪስ ጨዋታ ቢቦፕ አለመሆኑ ነው። ግራ እጁ አንዲት አጭር ሐረግ ደጋግሞ ይዞ የሚያስጨፍር ነገር ነው። ዕድሜ ልኩን ለቢቦፕ ጥብቅና የቆመ ሰው ብዙ ሰው ዘንድ የደረሰው በሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ከ1964 ወዲህ ሮክ የወጣቱን ጆሮ ወሰደው። የጃዝ ቤቶች ባንድ በኩል እየተዘጉ፣ በሌላ በኩል ያሉትም ደመወዝ እየቀነሱ ሄዱ። አንዳንዱ ሙዚቀኛ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ አንዳንዱም በማስታወቂያና በፊልም ሙዚቃ እንጀራውን አበሰለ። ሃሪስ ኒውዮርክን አለቀቀም። ሽማግሌውን የሳክስፎን አባት ኮልማን ሆኪንስን እስከ ሞተበት እስከ 1969 ድረስ ያጅብ ነበር። መኖሪያውም ከሃድሰን ወንዝ ማዶ በዊሆከን፣ ከሮትስቻይልድ ቤተ ሰብ በተወለደችውና ለሙዚቀኞች ባለውለታ በነበረችው በባሮነስ ፓኖኒካ ደ ኬኒግስዋርተር ቤት ሆነ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቴሎኒየስ መንክም በዚያው ቤት ተጠግቶ የመጨረሻ ዓመቶቹን አሳለፈ። መንክ በእነዚያ ዓመታት ፒያኖ አይነካም፣ ከሰውም አይነጋገርም ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ሃሪስ እንደ ተረከው አንድ ቀን መንክ ከፒያኖው ዘንድ መጥቶ «ማይ አይዲያል» የተባለውን አሮጌ ዘፈን ከሱ ጋር እየተፈራረቁ ወደ መቶ ዙር ያህል ተጫወቱት። አድማጭ አልነበረም፤ ሸክላም አልተቀዳም። መንክ በ1982 ሞተ።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቁሜ ወደ ትምህርቱ እገባለሁ። የኖታ መስመር በዚህ መጽሔት ላይ ለማተም አይመችምና ድምፆቹን ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ እያልኩ በቃል እጠራቸዋለሁ። ፒያኖ ያለበት አዳራሽ ቁልፉን ለማግኘት የሚችል አንባቢ ጽሑፉን ይዞ ከፒያኖው ፊት ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ጃዝ ተጫዋች የተጻፈውን ብቻ አይጫወትም። የዘፈኑን አካሄድ ይይዝና በላዩ ላይ አዲስ ዜማ እዚያው ቆሞ ይፈጥራል። እኛ አገር ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ ባለቅኔ ቅኔ ይዘርፋል እንላለን። ቅኔ ዘራፊው ያልተሰማ ቃል ከሰማይ አያወርድም፤ ሰዋስዉንና የቤቱን ልክ አስቀድሞ በሚገባ ስላወቀ ነው አፉ የሚፈታው። ሃሪስም የሚለው ይህንኑ ነው። ነጻነት የሚገኘው ሕጉን ጠንቅቆ ከማወቅ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ሊነገር፣ ሊዘረዘርና ሊለመድ ይገባዋል። «በስሜት ተጫወት» ብሎ ብቻ ተማሪን ማሰናበት ለሱ ስንፍና ነበር።

የመጀመሪያው ሕግ ስለ ምት ነው። በብዙው የጃዝ ዘፈን አንድ መለኪያ 4 ምት አለው፤ እያንዳንዱ ምት ለሁለት ሲከፈል 8 ድምፅ ይይዛል። የተለመደው የድምፅ መሰላል ደግሞ 7 ድምፅ ነው። ሰባቱን በስምንት ቦታ ሲደረድሯቸው ይዛነፋሉ። በምሳሌ እንየው። ከሶል ላይ የሚነሣውን ኮርድ፣ ማለትም ሶል ሲ ሬ ፋን፣ እናስብ። በዚህ ላይ ከሶል ወደ ታች ሶል ፋ ሚ ሬ ዶ ሲ ላ ብለን ብንወርድ በአራቱ ምቶች ላይ የሚወድቁት ሶል፣ ሚ፣ ዶ፣ ላ ናቸው። ከሶል በቀር የኮርዱ ድምፅ አንድም የለም፤ የታችኛው ሶልም ጊዜው ሳይደርስ ግማሽ ምት ቀድሞ ይመጣል። አሁን በሶልና በፋ መካከል አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ፋ ሻርፕን፣ እንጨምር። ሶል፣ ፋ ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ፣ ሲ፣ ላ። አሁን በምቶቹ ላይ የሚውሉት ሶል፣ ፋ፣ ሬ፣ ሲ ናቸው፤ እነዚህም የኮርዱ አራት ድምፆች ናቸው። የታችኛው ሶልም በሚቀጥለው መለኪያ መጀመሪያ ላይ ልክ ይደርሳል። አድማጩ ስለ ኮርድ የሚያውቀው ነገር ባይኖርም ዜማው «ቦታውን ያዘ» ብሎ ይሰማዋል። የቻርሊ ፓርከርን ሸክላ በዝግታ የሚሰማ ሰው ይህን ጭማሪ ግማሽ ድምፅ በየቦታው ያገኘዋል። ሃሪስ ይህን ሕግ ከጠቢባኑ ጨዋታ ለቀመው፤ ከየትኛው ድምፅ ሲነሡ ስንት ግማሽ ድምፅ መጨመር እንደሚገባም አንድ በአንድ ደነገገ።

ሁለተኛው ትምህርት ከሁሉ ይበልጥ የሱ ማኅተም ያለበት ነው። እሱ የሚያስተምረው መሰላል 8 ድምፅ አለው፦ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ላ፣ ሲ። ከተለመደው መሰላል የሚለየው በሶልና በላ መካከል ላ ፍላት በመግባቱ ብቻ ነው። አሁን ከዶ ጀምረን አንዱን እየዘለልን አራት ድምፅ ባንድነት ብንመታ ዶ ሚ ሶል ላ ይሆናል። ከሬ ጀምረን እንዲሁ ብናደርግ ሬ ፋ ላ ፍላት ሲ ይሆናል። ከሚ ብንጀምር ሚ ሶል ላ ዶ፤ ይህ ያው የመጀመሪያው ነው፤ ተገለበጠ እንጂ አልተለወጠም። ከፋ ብንጀምር ፋ ላ ፍላት ሲ ሬ፤ ይህም ያው ሁለተኛው ነው። እስከ ላይኛው ዶ ድረስ እንዲህ እየተፈራረቀ ይሄዳል። በመሰላሉ ውስጥ ሁለት ኮርዶች ብቻ ተደብቀው ይኖራሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ስድስተኛ ኮርድ ይባላል፤ ያረፈ ነው። ሁለተኛው ዲሚኒሽድ የሚባለው ነው፤ ያላረፈ፣ ወደ አንድ ቦታ ለመሄድ የሚገፋ ነው።

እንግዲህ ለአንድ ዜማ አጃቢ የሚሆን ፒያኖ መቺ አንዱን ኮርድ ይዞ ዝም ብሎ አይቆምም። ቤት፣ መንገድ፣ ቤት፣ መንገድ እያለ ይራመዳል። ከቤቱ ሳይወጣ እንኳን ይንቀሳቀሳል። አንዱን ድምፅ ከመንገዱ ተበድሮ በቤቱ ውስጥ ያቆየዋል፤ ቈይቶም ይመልሰዋል። ሃሪስ ፒያኖ ሲመታ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ያ የለሰለሰ እንቅስቃሴ ምሥጢሩ ይህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ትዝታን በሙሉው ቅኝቱ የሚያውቅ አንባቢ ዶ ሚ ሶል ላ የሚለውን ሲሰማ ጆሮው ሳይነቃ አይቀርም። ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነውና የሃሪስ የዕረፍት ኮርድ አራቱም ድምፆቹ በቅኝታችን ውስጥ ይገኛሉ። ከዚህ ተነሥቼ ጃዝ ከኛ ወጣ፣ እኛ ከጃዝ ወጣን የሚል ነገር አልናገርም፤ እንዲህ ያለው ነገር ባምስት ድምፅ ዜማ በሚዜምባቸው አገሮች ሁሉ የሚገኝ ነው። ነገር ግን ኮርዱ ለኛ ጆሮ እንግዳ ያልሆነበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትምህርት ለተማሪዎቹ በተረት መልክ የሚነግራቸው ነው። ፈጣሪ በመጀመሪያ 12ቱን ድምፆች ሁሉ ፈጠረ ይላል፤ እነዚህም በፒያኖው ላይ ያሉት ነጭና ጥቁር ቁልፎች ናቸው። ከዚያም ለሁለት ከፈላቸው፤ አንዱን ድምፅ እየዘለሉ የሚሄዱ ባለ ስድስት ስድስት ድምፅ ሁለት መሰላሎች ሆኑ። እነዚህ ወንድና ሴት ናቸው። ወንድና ሴት ብቻቸውን አይቀሩምና ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹም ሦስቱ ዲሚኒሽድ ኮርዶች ናቸው። ተረት ነው ተብሎ የሚታለፍ እንዳይመስል ቈጥሬ አይቼዋለሁ። 12 ለ4 ሲካፈል 3 ነውና ዲሚኒሽድ ኮርድ በዓለም ላይ ከሦስት አይበልጥም። ከነዚህም እያንዳንዱ ሁለት ድምፅ ከአባቱ፣ ሁለት ድምፅ ከእናቱ ይወስዳል። ለምሳሌ ሲ ሬ ፋ ላ ፍላት ብንል ሬና ላ ፍላት ከአንደኛው ወላጅ፣ ሲና ፋ ከሌላው ናቸው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከዚህ ዲሚኒሽድ ውስጥ አንዱን ድምፅ ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርገው አዲስ ኮርድ ይወለዳል። ላ ፍላት ወደ ሶል ቢወርድ ሶል ሲ ሬ ፋ ይሆናል፤ ይህም የሶል ሰባተኛ ኮርድ ነው። ሲ ቢወርድ የሲ ፍላት፣ ሬ ቢወርድ የሬ ፍላት፣ ፋ ቢወርድ የሚ ሰባተኛ ኮርድ ይወጣል። ስለዚህ ሶል፣ ሲ ፍላት፣ ሬ ፍላትና ሚ ከአንድ ወላጅ የተገኙ ወንድማማችና እኅትማማች ናቸው፤ ቤተ ሰብ ናቸውና አንዱ በሌላው ፈንታ ሊቆም ይችላል። በጃዝ መጻሕፍት ውስጥ «ምትክ ኮርድ» እየተባለ በረዥም ሠንጠረዥ የሚሰጠውን ነገር ሃሪስ በአንድ የዘር ሐረግ ጨረሰው። ሠንጠረዡን የሚያስታውስ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የቤተ ሰብ ታሪክ ግን ማን ይረሳል?

ከመደበኛዎቹ የጃዝ ትምህርት ቤቶች ጋር ያለው ክርክርም ከዚሁ ይነሣል። ጃዝ በአሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የዲግሪ ትምህርት ሆኖ መሰጠት የጀመረው በ1947 በሰሜን ቴክሳስ ነው። ቦስተን የሚገኘው በርክሊም፣ የኛው ሙላቱ አስታጥቄ የተማረበት ማለት ነው፣ በ1945 ተመሠረተ። ከጊዜ በኋላ በነዚህና በመሰሎቻቸው ዘንድ የተስፋፋው ዘዴ ለእያንዳንዱ ኮርድ አንድ መሰላል መድቦ ተማሪው ኮርዱ በተለወጠ ቁጥር መሰላሉን እንዲለውጥ የሚያደርግ ነው። ሃሪስ ይህን አይወድም ነበር። ተማሪው ከኮርድ ወደ ኮርድ እየዘለለ ዜማውን ያጣዋል ይል ነበር። ለምሳሌ በብዙ ዘፈን ሬ ፋ ላ ዶ የሚል ኮርድ ይመጣና ሶል ሲ ሬ ፋ ይከተለዋል። ትምህርት ቤቱ ሁለት ኮርድ ነው፣ ሁለት መሰላል ያስፈልገዋል ይላል። ሃሪስ ግን የመጀመሪያው የሁለተኛው ክፍል ነው፤ ሶልን ብቻ አስቡ፣ ጉዞው አንድ ነው ይላል።

በዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልሰንዝር። የትምህርት ቤቶቹ ዘዴ ለብዙ ሺህ ተማሪ በአንድ ጊዜ የሚዳረስ፣ በፈተና የሚለካ፣ በመጽሐፍ የሚታተም ስለሆነ መስፋፋቱ አያስገርምም። የሃሪስ ትምህርት ደግሞ መምህሩ በአካል እንዲገኝ ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለ መምህር በቁጥር ጥቂት ነው። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ከዚህም ሌላ ሃሪስ ከቢቦፕ በኋላ የመጣውን ብዙውን ሙዚቃ በግልጽ ይነቅፍ ስለ ነበር አዲስ ነገር የሚወድ ወጣት በፊቱ ሲቆም መሳቀቁ አይቀርም። እኔ በዚህ ከሱ ጋር አልስማማም፤ የሱ ጀግኖች ራሳቸው በ1940ዎቹ በሽማግሌዎች ዘንድ እንደዚሁ ተነቅፈው ነበርና። ነገር ግን ግትርነቱ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አንድን ነገር ይዞ እስከ ሥሩ ይቈፍረው ነበር ብዬ አልገምትም።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። መንክ በሞተበት በ1982 ሃሪስ ከባልንጀሮቹ ጋር በኒውዮርክ ስምንተኛ ጎዳና ላይ ጃዝ ካልቸራል ቲያትር የተባለ ቤት ከፈተ። መጠጥ አይሸጥበትም፤ ስለዚህ ዕድሜው ለመጠጥ ቤት ያልደረሰ ልጅም ሊገባበት ይችል ነበር። ቀን ትምህርት ይሰጥበታል፤ ሌሊት ሙዚቃ ይሰማበታል፤ ያው ቀን የተማረው ልጅ ሌሊት ከታላላቆቹ ጎን ቆሞ የተማረውን ይሞክርበታል። መጠጥ የማይሸጥ የሙዚቃ ቤት በዚያች ከተማ ኪራይ እንዴት እንደሚከፍል አንባቢ ይገምት። ቤቱ አምስት ዓመት ቈየና በ1987 ተዘጋ። የአሜሪካ መንግሥት የሥነ ጥበብ ድርጅት ለጃዝ ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት፣ «ጃዝ ማስተር» የተባለውን፣ ለሃሪስ የሰጠው ቤቱ ከተዘጋ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1989 ነው። ሽልማቱ ቀድሞ ቢመጣ ቤቱን ያተርፈው ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም፤ ግን ቅደም ተከተሉ ሳይቈጨኝ አላለፈም።

ቤቱ ቢዘጋም ትምህርቱ አልተቋረጠም። ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ የሠፈር አዳራሽ ውስጥ ተማሪዎቹን ይሰበስብ ነበር። መጀመሪያ ፒያኖና ጊታር ተማሪዎች፣ ቀጥሎ ዘፋኞች፣ በመጨረሻም ሁሉም መሣሪያውን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት። የመግቢያ ፈተና የለም፤ ዲፕሎማም የለም። የሰባ ዓመት ሽማግሌና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ወንበር ረድፍ ይቀመጣሉ። ሃሪስ ሐረጉን በአፉ ያዜመዋል ወይም ትእዛዙን በቃል ይጠራል፤ ተማሪው ያንኑ ወዲያው በመሣሪያው ይመልሳል። የተሳሳተ እንደ ሆነ መምህሩ አይታገሥም፤ ይቈጣል፣ ያሾፋል፣ እንደገና ይጠራል። ዜማ ቤት የዋለ ሰው ይህን ሥርዓት ለማወቅ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ወደ ውጭ አገርም እየተጓዘ ያስተምር ነበር፤ በሆላንድ በዘ ሄግ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪ በተደጋጋሚ የሰጣቸው ትምህርቶች በፊልም ተቀርጸው በዓለም ዙሪያ ተበትነዋል። ካናዳዊው ፒያኖ መቺ ሃዋርድ ሪስ ትምህርቱን በመጽሐፍና በቪዲዮ አሰናድቶ አወጣ። ጣሊያናዊው ጊታር ተጫዋች ፓስኳሌ ግራሶ ገና ልጅ ሳለ በአውሮፓ ካገኙት ተማሪዎች አንዱ ነው፤ የባድ ፓወልን የፒያኖ አጨዋወት በስድስት የጊታር ክር ላይ ሲጫወተው የሚሰማ ሰው ያ የስምንት ድምፅ መሰላል እስከ የት እንደ ተጓዘ ይረዳል።

ባሮነስ ፓኖኒካ በ1988 ከሞተችም በኋላ ሃሪስ በዊሆከኑ ቤት መኖሩን ቀጠለ። በ2020 የኮሮና በሽታ የኒውዮርክን አዳራሾች ሁሉ በዘጋ ጊዜ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ነበር። ይሁን እንጂ ማስተማሩን አላቆመም፤ በዙም አማካይነት ከቤቱ ሆኖ ከዓለም ዙሪያ የሚገቡትን ተማሪዎች ያስተምር ጀመር። በታኅሣሥ 8 ቀን 2021 ከዚሁ በሽታ በተነሣ ሕመም በኒው ጀርሲ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ዘጠና ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ፒያኖው ፊት እንደ ተቀመጠ ላለው አንባቢ አንድ የቤት ሥራ ትቼ ልለፍ። ከላይ ያለውን የ8 ድምፅ መሰላል ከዶ እስከ ላይኛው ዶ በአራት አራት ድምፅ ኮርድ፣ አንዱን እየዘለለ፣ በቀኝ እጁ ብቻ ይውጣና ይውረድ። ሳይደናቀፍ ሲሆንለት ከእያንዳንዱ ኮርድ ከላይ ያለውን ሁለተኛውን ድምፅ ለግራ እጁ ሰጥቶ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ይምታው። ከዚያም በሬ ፍላት፣ ከዚያም በሬ፤ እንዲህ እያለ 12ቱንም ይዙር። ሃሪስ አንድ ነገር በአንድ ቁልፍ ብቻ ያወቀ ተማሪን እንዳወቀ አይቈጥረውም ነበር።